ግሡ ሳይደርስ

ዛሬ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድብርት ተጭኖኝ ነው የዋለው። ሰማዩም አግዞኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠቆረ ነው፣ አይዘንብ፣ አይጠራ። ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ እንዲህ የሆነ ቀን ደግሞ አያድርስ ነው። ሻይ አፍልቼ ጋቢዬን ልከናነብ ስል የጎረቤቴ ልጅ ሚጡ ደብተሯን ታቅፋ አንኳኳች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስለደረሰ ሰሞኑን ቤቴን ቤተ መጻሕፍት አድርጋዋለች። የዛሬው ጣጣ ሰበርዲኔት ክሎዝ፣ ማለትም ለብቻው የማይቆመው ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ነበር።

"'ቢኮዝ ኢት ሬይንድ' ብዬ ብጽፍ ቲቸር ኤክስ አደረገብኝ። ባለቤት አለው፣ ግሥ አለው፣ ምን ጎደለው?"

እውነቷን ነው፣ የጎደለው ነገር የለም፤ እንዲያውም ትርፍ ነው ያለው። "ኢት ሬይንድ" ለብቻዋ ራሷን የቻለች ዓረፍተ ነገር ነበረች። "ቢኮዝ" ስትመጣባት ነው መቆም ያቃታት። "ዘነበ" ብዬ ዝም ብል ማንም ምንም አይለኝም፤ "ስለዘነበ" ብዬ ዝም ብል ግን "እና?" ትይኛለሽ አልኳት። ሳቀች፤ ገባት መሰለኝ። "ኦልዶ" ያልሽበት ቦታ "በት" አትጨምሪ፣ ለእንግሊዝኛ አንዱ ይበቃዋል አልኳት። እኛ "ምንም እንኳ" ብለን፣ "ቢሆንም" ብለን፣ "ግን" ካልደረብንበት መች ይጥመናል! "ዌን" ካልሽ በኋላም ነገሩ ገና ወደፊት ቢሆንም "ዊል" አይገባም፤ "ዌን ሺ ካምስ" ነው። ይኼን እንኳ ዝም ብለሽ ያዥው አልኳት።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል አስጀምሮናል። ዘጠነኛ ስትገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ ያኔ የሦስት መስመር ጥያቄ ውስጥ "ዊች" እና "ዛት" ተጠላልፈው ስታይ ዋናው ግሥ የትኛው እንደሆነ ካልለየች ትምህርቱን እያወቀች ትወድቃለች። የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ወደ ቅደም ተከተሉ ገባን። "አይ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ።" ቤት ዋለ፣ አለቀ። ምክንያቱን ባትሰሚ እንኳ ዋናውን ይዘሻል። ምክንያቱን ካስቀደምሽ ደግሞ መሃል ላይ ኮማ ታደርጊያለሽ። ምርጫው የአንቺ ነው። በአማርኛ ግን ዋናው ግሥ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ነው የሚመጣው ልላት ስል የትናንት ማታው ስልክ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሚጡ ምን ስትጽፍ እንደቆየች፣ መቼ እንደወጣች እንጃ።

እማዬ ናት ከደሴ የደወለችው። "የአክስትሽ ልጅ እዚያ አዲስ አበባ የሥራ ፈተና ስላለበት፣ ካንቺ ሌላ ዘመድ ስለሌለው፣ አንቺም ብቻሽን ስለሆንሽ፣ ቤቱም ሰፊ ስለሆነ…" ኔትወርኩ ጥርግ!

(ቤቱ ስቱዲዮ ነው። እማዬ አይታው አታውቅም።)

አራት "ስለ" ታቅፌ አደርኩ። ግሡ ምን ነበር? "ልኬዋለሁ" ነው? "ልላከው ወይ?" ነው? ወይስ "አንቺ ጋ ይረፍ ብል አባትሽ አይሆንም አለ"? በእኛ ቋንቋ መጨረሻ ላይ የምትመጣ አንዲት "አል" የተባለውን ሁሉ ትገለብጠዋለች። እንግሊዝ ብትሆን ኖሮ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ፍርዴን አውቄ እተኛ ነበር።

ግን እማዬ እንግሊዝኛ ብትችልም ግሡን የምታስቀድም አይመስለኝም። ልጇን ታውቃታለች። "ልኬዋለሁ" ብላ ብትጀምር ገና ምክንያቱ ሳይደርስ እጮህ ነበር። መሥሪያ ቤት ያለው ብድር የሚወደው ባልደረባዬም እንዲሁ ነው፤ ልጅ ስለታመመ፣ ደመወዝ ስለዘገየ፣ አከራይ ስለጨመረ እያለ ሲያለሳልሰኝ ቆይቶ "አበድሪኝ" ላይ ሲደርስ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። ቋንቋው ራሱ ለለማኝ ያደላል እኮ! የሚጡ አስተማሪ ይኼን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

አመሻሽ ላይ መልሼ ደወልኩ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ብዙ አወራን። የአክስቴን ልጅ ሳነሳባት፣ "እውነት፣ ምን ልልሽ ነበር? ቆይ፣ ትዝ ሲለኝ እደውላለሁ" ብላ ዘጋችው።

ለጎረቤት ልጅ ሰዋስው ሳስተምር ውዬ የእናቴን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ። አሁን እኔ ፍራሽ ልዋስ፣ አልዋስ?