ደሴ የተነሳ ኢሲጂ አዲስ አበባ ይነበባል

ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ፣ ጣርማበርን ወጥቶ የሚሄድ የልብ ሕመምተኛ ካትላብ (የልብ ቧንቧና ቫልቭ በቀጭን ቱቦ የሚታከምበት ክፍል) እስኪደርስ ድረስ ልቡ ላይ የሆነውን የሚናገርለት ኢሲጂው፣ የልቡን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያትመው ምርመራ ነው። የልብ ደም ቧንቧ ድንገት ሲዘጋ፣ ካትላብ በ120 ደቂቃ ውስጥ ቧንቧውን መክፈት የማይችል ከሆነ፣ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ላልሞላው ሰው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ቶሎ መስጠት ነው መመሪያው። ያን መንገድ በ120 ደቂቃ የሚጨርሰው መኪና የለም። ስለዚህ ወሎ ላይ ውሳኔው እዚሁ፣ እኛ የኢሲጂ ባለሙያዎች ባነሳነው ወረቀት ይወሰናል። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ በተበላሸ ኢሲጂ ተሳስቶ መስጠትም፣ ተሳስቶ መከልከልም ሰው ይገድላል።

ሐኪሙ የሚፈልገው ለውጥ ደግሞ ትንሽ ነው። ኤስቲ (ከትልቁ ሞገድ ቀጥሎ ያለው የመስመሩ ክፍል) በሁለት አጎራባች ሊዶች (ልብን ከተለያየ አቅጣጫ የሚያሳዩ መስመሮች) ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት ይበቃል። ከቪ1 እስከ ቪ6 ከሚባሉት የደረት ሊዶች ቪ2 እና ቪ3 ላይ ብቻ መስፈርቱ ይለያል፦ ለሴት 1.5፣ ዕድሜው 40 ለሞላ ወንድ 2፣ ከዚያ በታች ላለ ወንድ 2.5 ሚሊ ሜትር። በወረቀቱ አንዲት ትንሽ ካሬ ልዩነት በሚወሰን ነገር ላይ ኤሌክትሮዱን (ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የገመዱን ጫፍ) በግምት መለጠፍ አይገባም።

ደረት ላይ የሚሠራው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቪ1 እና ቪ2 ወደ ላይ ከፍ ብለው ይለጠፋሉ። በዓይን አይገመትም፣ በጣት ይቆጠራል። ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ተነስታችሁ በደረት አጥንቱ ላይ ጣታችሁን ወደ ታች ስታንሸራትቱ አራት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዳችሁ አግድም ጉብታ ታገኛላችሁ። ከጉብታው ጎን ያለው ሁለተኛው ጎድን አጥንት ነው፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው ክፍተት። ሦስተኛውን አልፋችሁ አራተኛው ላይ ቁሙ። ከደረት አጥንቱ ጠርዝ በቀኝ ቪ1፣ በግራ ቪ2። ከዚያ ቪ3ን ዝለሉትና ቪ4ን አስቀድሙ፤ እሱ አምስተኛው ክፍተት ላይ፣ ከክላቪክል (ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት) መካከል ቀጥ ብሎ በሚወርደው መስመር ነው። ቪ3 የቪ2 እና የቪ4 እኩሌታ ላይ ይገባል። ቪ5 በብብት ፊተኛ ጠርዝ፣ ቪ6 በብብት መካከል መስመር ሆነው ሁለቱም ከቪ4 ጋር በአንድ አግድም ደረጃ ይሰለፋሉ። እዚህ ላይ ብዙ እጅ ጎድን አጥንቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ መከተል ያለበት ግን ደረጃውን ነው። ቪ1 እና ቪ2 አንድ ክፍተት ከፍ ካሉ አር ሞገዱ (ወደ ላይ የሚወጣው ጫፍ) ያንስና የድሮ የልብ ጡንቻ ጉዳት ይመስላል፤ ወይም ሁለት ጫፍ ያለው ኪውአርኤስ (የእያንዳንዱ ምት ትልቁ ሞገድ) ይወጣና በቀኝ በኩል የኤሌክትሪክ መዘግየት ያለ ያስመስላል። ጤነኛ ሰው በዚህ ምክንያት ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል።

ጡት ላላቸው ሴቶች ቪ4 እስከ ቪ6 ከጡት ሥር እንጂ ከላዩ አይለጠፍም። ይህ የሚቻለው መጋረጃ ካለና ሴት ባለሙያ ከተገኘች፣ ካልተገኘችም አብራቸው የመጣች ሴት አጠገባቸው ከቆመች ነው። ሥራው ሲያልቅ ወዲያው በነጠላቸው ወይም በአንሶላ ይሸፈኑ። ሻሽና ሒጃብ ለኢሲጂ አይወልቅም፤ ማተብና ክታብም አይበጠስም፣ ወደ ትከሻ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ይህን አስቀድማችሁ ስትነግሯቸው ጡንቻቸው ይፈታል፤ የፈራ ሰው ጡንቻ መስመሩን ያሻክረዋል።

ብርዱም እንደዚሁ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ልብሱን ያወለቀ ሽማግሌ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ወረቀቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል። ላላወቀው የላይኛው የልብ ክፍል ምት የተዛባ ይመስለዋል። ኪውአርኤሱ በመካከሉ ልክ በልክ ሲሄድ፣ ጥርሱም በአንዱ እጅ ሊዶች ላይ ሲበረታ ጥርጣሬያችሁ ወደ እጁ ይሁን። መፍትሔው ብርድ ልብስ ነው። «አባባ፣ እጅዎን ከጎንዎ ያሳርፉት፣ ጣትዎን ይፍቱት» ማለት፣ ከዚያ ትንሽ መጠበቅ። ብዙዎች ግን የማጣሪያውን ቁልፍ ይጫናሉ። 35 ወይም 40 ሄርዝ ላይ የሚያጣራው መስመሩን ያሳምረዋል፤ አብሮ ግን የኪውአርኤሱን ጫፍ ይቆርጣል። ለአዋቂ ሰው ምርመራ የሚታመነው ከ0.05 እስከ 150 ሄርዝ ያለው ነው። ማጣሪያው የግድ ከሆነም ማሽኑ ከወረቀቱ ግርጌ ያተመው ቁጥር እንዳይቆረጥ፤ የሚያነበው ሰው ይፈልገዋል።

መስመሩ እኩል ወፍሮ ከወጣ ምንጩ የ50 ሄርዙ መብራት ነው። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ አንሱ፣ የክፍሉን ማሞቂያ አጥፉ፣ ስልክ ከአልጋው ይራቅ፤ ከሁሉ በፊት ግን የቀኝ እግሩን ኤሌክትሮድ እዩት፣ እሱ ከላላ ሌላው ድካም ከንቱ ነው። ለዚህም ለመብራት መጥፋትም ማሽኑ ሁልጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይደር።

ወደ ባቲና ወደ ቆቦ ስትወርዱ ችግሩ ላብ ነው። ኤሌክትሮዱ ይንሸራተታል፣ መስመሩም ከትንፋሹ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ቆዳውን በደረቅ ጎዝ አሽታችሁ አድርቁት፤ ቅቤ ወይም ቅባት ካለበት በአልኮል ጥረጉት። የጎማ መምጠጫ ያላቸውን ኤሌክትሮዶች ስትጠቀሙ ጄሉ ለእያንዳንዱ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። ደረቱን አንድ ላይ ከቀባችሁት ቪ1 እስከ ቪ3 እንደ አንድ ኤሌክትሮድ ይሆናሉ፤ ሦስቱ ሊዶች ተመሳስለው ከወጡ መጀመሪያ ጄሉን ጥረጉ።

የገመዶቹ ቀለም ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ወደየሆስፒታሉ የሚገቡት ማሽኖች ከየአገሩ የተገዙና የተለገሱ ናቸውና። በአውሮፓው ሥርዓት ቀዩ ቀኝ እጅ፣ ቢጫው ግራ እጅ፣ አረንጓዴው ግራ እግር፣ ጥቁሩ ቀኝ እግር ነው። በአሜሪካው ነጩ ቀኝ እጅ፣ ጥቁሩ ግራ እጅ፣ ቀዩ ግራ እግር፣ አረንጓዴው ቀኝ እግር ነው። ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ በሁለቱም አሉ፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ቀለሙን በቃል ከመያዝ ገመዱ ጫፍ ላይ የተጻፈውን ፊደል ማንበብ ይሻላል። ፊደሉ ከጠፋ አዲስ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት።

ሁለቱ እጆች ሲቀያየሩ ሊድ 1 ይገለበጣል፣ ኤቪአር የሚባለው ሊድ ወደ ላይ ይቆማል። ልቡ በቀኝ የሆነ ሰውም ሊድ 1 እንደዚህ ይወጣል፤ እሱ ላይ ግን ከቪ1 ወደ ቪ6 ስትሄዱ አር ሞገዱ እያነሰ ይሄዳል፣ እጅ በተቀያየረበት ላይ እንደ ወትሮው ያድጋል። ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ከተቀያየሩ ሊድ 2 ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል ማለት ይቻላል። ግራ እጅና ግራ እግር ሲቀያየሩ ግን ወረቀቱ ያማረ መስሎ ይወጣል፤ እሱ ነው የሚያስፈራው፤ ፒ ሞገዱ (ከኪውአርኤሱ በፊት ያለው ትንሹ ሞገድ) ሊድ 1 ላይ ከሊድ 2 በልጦ ካያችሁት ገመዱን መልሳችሁ ተመልከቱ።

ከማንበብ በፊት የመለኪያዋን ሳጥን እዩ። 1 ሚሊቮልት 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከእናንተ በፊት የተጠቀመው ሰው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎት ከሆነ የሁሉም ሊድ ቁመት በግማሽ ያንሳል። በቲቢ ምክንያት የልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሰውም ኪውአርኤሱ የሚያንስ ነውና ማሽኑ ያሳነሰው ከበሽታው ጋር ይምታታል።

በሩማቲክ የልብ በሽታ የተጎዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ 12ቱ ሊዶች ብቻ አይበቁም። የሊድ 2ን ረጅም መስመር ጨምሩ፦ የምቱ መዛባት እዚያ ይታያል፤ ካልተዛባም ወርዱ 0.12 ሰከንድ የሚደርስና ከላዩ የተሰነጠቀ ፒ ሞገድ ማይትራል ቫልቩ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) መጥበቡን ይጠቁማል። እነዚህ ወጣቶች ቫልቩን በባሉን ለማስፋት ካትላብ ሲገቡ ቴክኖሎጂስቱ መጀመሪያ የሚያየው የመነሻ ኢሲጂ ነው፤ ባሉኑ ሲነፋ የመጣው ለውጥ የሚለካው ከእሱ ጋር ነውና።

ካትላብ ለመሥራት የምትመኙ የወሎ ልጆች ልብ በሉልኝ፣ እዚያም የሚጠየቀው ይኸው ጥንቃቄ ነው። የግፊት መለኪያው በደረት ውፍረት እኩሌታ ደረጃ ተቀምጦ፣ ለአየር ተከፍቶ ዜሮ ይደረጋል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢተው በግፊቱ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጨምራል፤ ሁለቱ መለኪያዎች በተለያየ ከፍታ ቢሆኑ ደግሞ በቫልቩ ግራና ቀኝ የሌለ የግፊት ልዩነት ይፈጠራል። ቱቦው ውስጥ የቀረች ትንሽ የአየር አረፋም ሞገዱን ታለዝበዋለች፦ የላይኛው ግፊት ያንሳል፣ የታችኛው ይጨምራል።

የደረት ሕመም ይዞ የመጣ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂው ተነስቶ ሐኪም እጅ ይግባ። የመጀመሪያው ደህና ቢሆንና ሕመሙ ባይተወው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይደገም፤ ኤሌክትሮዶቹ ሳይነቀሉ ወይም ቦታቸው በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበት። የልብን የታችኛውን ግድግዳ በሚያሳዩት ሊድ 2፣ 3 እና ኤቪኤፍ ላይ ኤስቲ ከፍ ካለ ቪ4ን በቀኝ ደረት በተመሳሳዩ ቦታ ለጥፋችሁ ሌላ አንሱ፤ ማሽኑ ቪ4 ብሎ ያትመዋልና «ቀኝ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት። ቀኝ ልብ ከተጎዳ ናይትሬት (የደም ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት) የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል።

በሽተኛው ሪፈር ሲጻፍለት ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ያን ጊዜ ሕመም ላይ መሆን አለመሆኑ፣ ጫት ቅሞ የመጣ እንደሆነም ኢሲጂው ላይ ይስፈር፤ ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና አልኮል ያጠፉታል፤ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውንም ዋናውንም አያይዙ፣ ሰዓቱ ያልተጻፈበት አንድም ቅጠል አይውጣ።