ሲሞቅ አልነሳም ያለች መኪና

ጠዋት አንዴ ቁልፍ ስትነኳት ትነሳለች። መንገድ ላይ ምንም አትልም። ነዳጅ ልትቀዱ አጥፍታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስታስነሷት ግን የለችም። እንዲህ ዓይነት መኪና ያላችሁ ካላችሁ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ተንገላትቻለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ነች። የባሰው ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ነው። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ያን ሁሉ ዳገት በከባድ ማርሽ ወጥተን ደጀን ላይ ምሳ ልንበላ ቆምን። በልተን ስንመለስ እምቢ አለች። እናቴ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ፣ ልጆቹ ውሃ ውሃ እያሉ፣ እኔ ኮፈን ከፍቼ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ምንም ሳልነካት ተነሳች።

አዲስ አበባ ስገባ አንዱ ጋራዥ ባትሪ ቀየረልኝ። ሌላው ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረውን) አወረደ። ሦስተኛው የነዳጅ ፓምፕ ነው አለና እሱንም ገዛሁ። ሦስቱም ያዩዋት ጠዋት ነው፣ በቀዝቃዛው። በቀዝቃዛው ደግሞ ምንም የለባትም!

ችግሩን ያገኙልኝ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ እንደሞቀች አምጣት» አሉኝ። ቀለበት መንገድ ላይ በደንብ ነድቼ ወሰድኳት። አጥፍተን ትንሽ ቆየንና «አሁን አዙር፣ እኔ ልስማት» አሉ። ሞተሩ እንደ ወትሮው ይዞራል፣ ግን አይነሳም። «እንዲህ እየዞረ ባትሪና ሞተሪኖ ምን አደረጉህ?» አሉኝ።

ዋናው መለያ ይኸው ነው። ቁልፍ ስታዞሩ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ወይም እየጎተተ ከዞረ፣ ባትሪ፣ የባትሪ ገመድና ሞተሪኖ ይታያል። በተለይ ሞተሪኖው ጭስ ማውጫው አጠገብ ከሆነ ሙቀት ይይዘዋል። ደህና ዞሮ ካልተነሳ ግን የጎደለው እሳት (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ) ወይም ነዳጅ ነው።

የኔዋን አንድ ካንዴላ (እሳቱን የሚሰጠውን) ፈቱና ሞተሩን ሳዞር አዩት፤ እሳት የለም። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ዙር የሚያሳየው ቀስትም ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ታች ገብተው ፑሌው (ቺንጋ የሚያዞረው ጎማ) አጠገብ ያለውን የክራንክ ሴንሰር፣ ማለትም የሞተሩን መዞር ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረውን፣ ሶኬት ነቅለው ቴስተር አደረጉበት። ምንም አያነብም። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ጥቂት ቆይተው ሲለኩት ማንበብ ጀመረ። ሶኬቱን መለሱት፣ ቁልፍ አዞርኩ፣ በአንዴ ተነሳች።

ሴንሰሩ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲበርድ ይገናኛል። ሲለያይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ እሳትም ነዳጅም አይሰጥም። እየነዳሁ ያልጠፋችው ለምንድን ነው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ስትሄድ ንፋስ አለ፣ የራዲያተሩ ውሃም ይዘዋወራል አሉኝ። ስታጠፋት ሁለቱም ይቆሙና የሞተሩ ሙቀት ኮፈን ስር ይታመቃል፤ ለዚህ ነው ቆማ የሚብሳት።

የሁሉም መኪና ችግር ይሄ አይደለም። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል) ባላቸው አሮጌ መኪኖች ቤንዚኑ ራሱ መስመር ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። የላዳ ሹፌሮች ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉት ወደው አይደለም። ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ሲበላሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቀዘቀዘ መስሎት ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ አዙሩ፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

መንገድ ላይ ካስቸገረቻችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ቶሎ ይብረድ ብላችሁ የጋለ ሞተር ላይ ውሃ እንዳትደፉ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። የራዲያተር ክዳን ደግሞ በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ድረስ በፍጹም አትንኩ።