ከመዝጋቢው ወንበር፦ የመጀመሪያው ሻምፒዮናዬ

በአራት ቀን ውድድር አምስት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ መዘገብኩ፤ ከአምስቱ አንዱን እንኳ በወጉ አየሁ ለማለት ግን አልደፍርም። ተማሪዎቹ ከጨዋታ በኋላ ወደ ጠረጴዛው መጥተው «ያቺን የመጨረሻዋን ውርወራ አየሃት?» ብለው ሲጠይቁኝ ትዝ የሚለኝ የዳኛው ጣትና እኔ በነጥብ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ያሰመርኳት አጭር ሰያፍ መስመር ብቻ ነበር። የጠረጴዛ ዳኝነት፣ ማለትም በሜዳው ዳር ተቀምጦ ነጥብና ፋውል የመመዝገብ፣ ሥልጠና መጀመሬን ከዚህ ቀደም አካፍያችሁ ነበር። ይህ ደግሞ ሥልጠናውን ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ በዋና መዝጋቢነት የተቀመጥኩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና እንዴት እንዳለፈ የሚገልጽ ማስታወሻ ነው። ወደዚህ ወንበር ለመምጣት የምታስቡ ባልደረቦቼ ትጠቀሙበት ዘንድ የሚያሳፍረኝንም ጭምር ጽፌዋለሁ።

ውድድሩ 16 ቡድኖች የተሳተፉበት ጥሎ ማለፍ ነበር። በጥሎ ማለፍ አንድ ጨዋታ አንድ ቡድን ስለሚያሰናብት አሸናፊውን ለመለየት 15 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ የሦስተኛ ደረጃው ሲጨመርበት 16 ይሆናል። ይህ ስሌት ለመዝጋቢ የራሱ ትርጉም አለው። በዙር ውድድር የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ጨዋታ ሊያካክስ ይችላል፤ እዚህ ግን በእኔ ስሕተት አንድ ነጥብ ያጣ ቡድን ያን ነጥብ የሚመልስበት ሌላ ቀን የለውም። የመጀመሪያውን ቀን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነበር።

የመዝጋቢ ሥራ የሚጀምረው ከጨዋታው በፊት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አሰልጣኞች የተጫዋቾቻቸውን ስምና የማሊያ ቁጥር ጨዋታው ከመጀመሩ ቢያንስ 40 ደቂቃ አስቀድመው ያስረክባሉ፤ 10 ደቂቃ ሲቀር ደግሞ ዝርዝሩን አረጋግጠው፣ የሚጀምሩትን አምስት ተጫዋቾች ለይተው ይፈርማሉ። እኔ ከአምስቱ ጀማሪዎች ስም አጠገብ ትንሽ የ«ኤክስ» ምልክት አኖራለሁ፤ ጨዋታው ሲጀመር ምልክቷን አከብባታለሁ። ተቀይሮ የሚገባ ተጫዋች ክብ የሌላት ምልክት ብቻ ታገኘዋለች። አንደኛውና ሦስተኛው ሩብ በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በሰማያዊ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ ይጻፋሉ። ይህ ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ካለ፣ በዕረፍት ሰዓት አንድ የጠፋ ነጥብ ፍለጋ ቅጹን ወደ ኋላ ሲያነብ ጥቅሙ ይገባዋል።

ነጥብ መመዝገቡ ራሱ ከባድ አይደለም። በሜዳ ላይ የተቆጠረ ከሆነ አዲሱ ድምር በሰያፍ መስመር ይሰረዛል፤ ነፃ ውርወራ ከሆነ በድምሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል፤ ባለ ሦስት ከሆነ የተጫዋቹ ቁጥር ይከበባል። በሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንት ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤው ነበር። ያልያዝኩት ዓይኔን ነው። ኳሷ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ እንደ ማንኛውም ተመልካች ኳሷን አያለሁ፤ መዝጋቢ ግን በዚያች ቅጽበት ማየት ያለበት የወርዋሪውን ማሊያና የዳኛውን እጅ ነው። ዳኛው ሦስት ጣት ዘርግቶ ከሆነ ውርወራው ከመስመሩ ውጭ ነበር፤ ነጥቡን የሚያጸድቀውም እርሱ እንጂ የእኔ ግምት አይደለም። ፋውል ሲነፋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጭብጨባውና ጩኸቱ ሁሉ ወደ ወደቀው ተጫዋች ሲጎትተኝ የጥፋተኛው ቁጥር በዳኛው ጣቶች ላይ ታይቶ ያልፋል።

ስለ ጣቶቹ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች በቀኝ እጅ ጣቶች፣ ከ6 እስከ 10 ያሉት በሁለቱም እጆች ይታያሉ። ከ11 እስከ 15 ሲሆን ዳኛው ቀኝ እጁን ይጨብጣል፤ ቡጢው 10 ነው፤ የቀረውን በግራ እጁ ጣቶች ያሳያል። ከ16 ጀምሮ በሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ የእጁን ጀርባ ወደ ጠረጴዛው አዙሮ የአሥር ቤቱን፣ ቀጥሎ መዳፉን ገልጦ የአንድ ቤቱን ቁጥር ያሳያል። 24 ለማለት ሁለት ጣት በእጅ ጀርባ፣ አራት ጣት በመዳፍ መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ላብ ያጠመቀው ዳኛ እየሮጠ መጥቶ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሲያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

በሩብ ፍጻሜው፣ አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው፣ ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ቁጥር አሳየ። እኔ ያየሁት አምስት የተዘረጉ ጣቶችን ነበር፤ ስለዚህ በ5 ቁጥር ስም ፊት የግል ፋውል ምልክት አኖርኩ። ያቺ ለልጁ አምስተኛው ፋውል ነበረች። አምስተኛ ፋውል ማለት ከጨዋታው መውጣት ነው፤ መዝጋቢውም ወዲያው ለዳኛው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እጄን ላነሣ ስል በቀኜ የተቀመጡት ረዳት መዝጋቢ፣ ለዓመታት በጠረጴዛ ዳኝነት የሠሩ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት፣ ክርኔን ያዙኝ። «ቡጢውን አላየኸውም እንዴ?» አሉኝ። ጥፋቱ የ15 ቁጥር ነበር። የተዘረጋችውን ግራ እጅ አይቼ የተጨበጠችውን ቀኝ እጅ አላየሁም። ኳሷ እንደቆመች ዋና ዳኛውን ጠርተን፣ በእርሱ ዕውቅና አስተካከልነው፤ 15 ቁጥር ሁለተኛ ፋውሉን አገኘ፣ 5 ቁጥርም ምንም ሳያውቅ መጫወቱን ቀጠለ። ያ ልጅ በዚያች ቅጽበት ለምን ወደ እርሱ እያየሁ ላብ እንዳጠመቀኝ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አወጣሁ፤ እስካሁንም አላቋረጥኩትም። ዳኛው ቁጥር ሲያሳይ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን አይነካም። መጀመሪያ ያየሁትን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ «ነጭ፣ 15፣ የግል፣ የቡድኑ ሦስተኛ።» ረዳቴ ይደግሙታል። ከዚያ በኋላ ነው የምጽፈው። ነጥብም ሲቆጠር እንዲሁ፦ «ሰማያዊ፣ 9፣ ሁለት፣ ድምር 34» እላለሁ፤ እርሳቸውም የውጤት ሰሌዳውን አይተው «34» ይላሉ። ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ነው፤ ሁለታችንም ተመሳሳይ ስሕተት በአንድ ጊዜ የመሥራታችንን ዕድል ግን በጣም ያጠበዋል። የቡድን ፋውል ቆጠራ በተለይ ይህን ይጠይቃል። በአንድ ሩብ አራት ፋውል ከሞላ በኋላ ለሚፈጸም የመከላከል ጥፋት ሁለት ነፃ ውርወራ ስለሚሰጥ፣ አንዷን መዝለል ወይም ሁለት ጊዜ መቁጠር ነጥብን በቀጥታ ይነካል።

የግማሽ ፍጻሜው ልማዱን ፈተነው። በሦስተኛው ሩብ አጋማሽ ሰሌዳው 46 ሲል የእኔ ቅጽ 45 ይላል። አዳራሹ ሁሉ የሚያየው ሰሌዳውን እንጂ ቅጹን ስላልሆነ፣ ቡድኑ አንድ ነጥብ እየተቀማ ነው ብለው መጮኽ የጀመሩ ነበሩ። ኳሷ እስክትቆም ጠብቀን ዳኛውን አሳወቅን። ወደ ኋላ ስናነብ ከሁለት ነፃ ውርወራዎች አንዷ ብቻ እንደገባች በቅጹ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ሁለተኛዋም ተቆጥራለች። ሰሌዳውና ቅጹ ሳይስማሙ ቀርተው ማስረጃ ካልተገኘ የሚጸናው ቅጹ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ 45 ተመለሰ። ጩኸቱ ግን እስከ ሩቡ ማብቂያ ቀጠለ፤ በእኔ አስተያየት ተመልካቹ ላይ መፍረድ አይገባም።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ በልጃገረዶቹ ጨዋታ የደረሰው ነው። በግማሽ ዕረፍት ቡድኖች ቅርጫት ይለዋወጣሉ። ሁለተኛው አጋማሽ በተጀመረ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አንዲት ልጅ ኳስ ነጥቃ፣ ማንም ሳይከተላት፣ በሚያምር አኳኋን ወደ ራሷ ቡድን ቅርጫት አገባችው። ማንም አለመከተሉ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። ደንቡ እንዲህ ያለውን በስሕተት የገባ ኳስ ለተቃራኒው ቡድን ሁለት ነጥብ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በቅጹ ላይ የሚመዘገበውም በሜዳ ላይ ባለችው የተቃራኒ ቡድን አምበል ስም ነው። አምበሏ በዚያን ጊዜ በሌላኛው የሜዳ ጫፍ ቆማ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። ሁለት ነጥቧን ጻፍኩላት።

በዚያው ጨዋታ የእኔም ጥፋት ነበረች። ተጫዋቾች ተናንቀው ኳስ የማን እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ተራውን የምታሳየው በጠረጴዛው ላይ ያለችው ቀስት ናት፤ ቡድኑ ወደሚያጠቃበት አቅጣጫ ትዞራለች። ቅርጫት ሲለዋወጡ ባለተራው ባይለወጥም አቅጣጫው ስለሚለወጥ፣ ቀስቷ በዕረፍቱ ጊዜ መገልበጥ አለባት። እኔ ረሳኋት። ሦስተኛው ሩብ የሚጀመረው በቀስቷ መሠረት ከጎን በሚወረወር ኳስ ስለሆነ፣ ዋና ዳኛው ኳሷን ለተሳሳተው ቡድን ሊሰጡ ሲሉ አስታውሰው ወደ እኔ ተመለከቱ። ምንም አልተናገሩም፤ ጣታቸውን በአየር ላይ አንድ ጊዜ አዞሩ። አሁን በዕረፍት ሰዓት ውኃ ከመጠጣቴ በፊት ቀስቷን እነካለሁ።

በውድድሩ መካከል አንድ ባልደረባዬ ዛሬ በትምህርት ቤት ደረጃ ብዙ ነጥብ መቆጠሩ እንዳደከመው ሲያማርር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት የተደረገውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፍጻሜ አነሣንበት። 161 ተማሪዎች ብቻ የነበሩት የሚላን ትምህርት ቤት ከእርሱ እጅግ የሚበልጠውን መንሲ ሴንትራልን 32 ለ 30 ያሸነፈበት ጨዋታ ነው። ቦቢ ፕለምፕ በአራተኛው ሩብ ኳሷን ይዞ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆሞ፣ በኋላም በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የማሸነፊያዋን ውርወራ አስገባ። የውርወራ ጊዜ ገደብ ስላልነበረ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ኳስ የያዘው ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሕግ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊግ የጸደቀው በዚያው ዓመት ነው፤ የ48 ደቂቃ ጨዋታ 2,880 ሰከንድ ነው፣ ይህን በአንድ ጨዋታ ለሚጠበቀው 120 ውርወራ ሲያካፍሉት 24 ወጣ። የሚላኑ መዝጋቢ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች እስክሪብቶውን ምን እንዳደረገበት ማሰብ ያስቀኛል።

ፍጻሜው ከሁሉም ጨዋታዎች ይልቅ በሰላም አለፈ፤ ስለዚህ ስለ እርሱ የምጽፈው ጥቂት ነው። የመጨረሻው ድምፅ ሲሰማ የሁለቱን ቡድኖች የመጨረሻ ነጥብ በወፍራም ክብ አከበብኩ፤ ከሥራቸውም ሁለት ወፍራም መስመር አሰመርኩ። መጀመሪያ እኛ የጠረጴዛው ሰዎች ፈረምን፤ ረዳት ዳኞቹ ቀጠሉ፤ ዋና ዳኛው በመጨረሻ ፈረሙ። የመዝገብ ስሕተት የሚታረመው ይህች ፊርማ እስክታርፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅጹ ከእጄ ወጥቷል።

ቅጹ አንድ ዋናና ሦስት ቅጂ አለው፤ የመጨረሻዋ ቅጂ ለተሸነፈው ቡድን ትሰጣለች። እኔ ደግሞ በፍርሃት እጄን አቅልዬ ስጽፍ ስለነበር አራተኛዋ ወረቀት ላይ የደረሰው ቀለም በጣም ደብዛዛ ነበር። የተሸናፊው ቡድን አሰልጣኝ ወረቀቷን ተቀብለው ወደ መብራቱ ዘንበል አደረጓት፤ ዓይናቸውን አጥብበው ሲመለከቱ ቆዩና ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። «ይቅርታ፣ ይህ የልጄ 3 ነው ወይስ 8?» አሉኝ፤ ልጄ የሚሉት ተጫዋቻቸውን ነው። ዋናውን ቅጽ ገለጥኩና የ12ቱንም ተጫዋቾች ነጥብና ፋውል አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ እርሳቸውም በደብዛዛዋ ወረቀት ላይ በራሳቸው እስክሪብቶ እየደገሙ ጻፉ።