የእህቴ ኩላሊት አንድ ዓመት ሞላው

ዛሬ ማለዳ እንደ ወትሮው ታክሮሊመስን (ሰውነቴ የተተከለልኝን ኩላሊት እንዳይቃወም የምወስደውን መድኃኒት) ሳልወስድ ለክትትል ሄድኩ፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ የሚለካው ከጠዋቱ ክኒን በፊት በመሆኑ፣ ደም እስኪቀዳልኝ ድረስ ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ይቆያል። ታላቅ እህቴ አንድ ኩላሊቷን ከሰጠችኝ ልክ ዓመት ሆነ። ከዚያ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለ4 ሰዓት ያህል ከእጥበት ማሽን ጋር ታስሬ ስለምውል ውኃ እንኳ የምጠጣው ተለክቶ ነበር፤ አሁን ሐኪሞቹ ራሳቸው «በደንብ ጠጪ» ቢሉኝም፣ ይህን ትእዛዝ ያለ ፍርሃት መፈጸም ገና አልለመድኩም።

ብዙ ሰው የታመመው ኩላሊት ወጥቶ አዲሱ በቦታው የሚገባ ይመስለዋል፤ የእኔዎቹ ሁለቱም ግን እዚያው ጀርባዬ በኩል አሉ፣ የእህቴ ደግሞ ከሆዴ በታች በስተቀኝ ተቀምጧል (ባለ ሦስት ኩላሊት ነኝ እያልኩ እቀልዳለሁ)። ሰውነቴ የእሷን ኩላሊት እንዳይቃወም የምወስዳቸው መድኃኒቶች በሽታ የመከላከል አቅሜን ስለሚቀንሱ፣ በበዓል ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ ከማዕዱ ፈቀቅ እላለሁ፤ በየ12 ሰዓቱ የሚጮኸው የስልኬ ማንቂያም ለቅሶ ቤት ሳይቀር አሳፍሮኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን እህቴን ማመስገን ነው። ዛሬ ውጤቱን ልነግራት ስደውል፣ ክሬቲኒኔ (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ልኬት) ጥሩ መሆኑን ሰምታ «ጎሽ» አለችና፣ ቃል ሳልጨምር ወዲያው ስለ በርበሬ ማስፈጨቱ ማውራት ጀመረች።