ደረጃው ላይ የሰማሁት

ዛሬ ማታ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ገልብጦ ይደልቃል። መብራት ጠፍቷል። ድምፁ እስከ አራተኛ ፎቅ ያስተጋባል። ባለሁበት ቆምኩ።

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዘፕሊን ድራመር ጆን ቦንሃም ትዝ አለኝ። ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ ድራሙን ደረጃው ሥር አስቀምጠው፣ ማይኮቹን ከላይ አንጠልጥለው ቀዱት። ያ ቅጂ ያለበት አልበም በ1971 እ.ኤ.አ. ወጣ። ምቱ ከባድ ነው፣ ግን አይቸኩልም። ስንት ዓመት ሰምቼው አልጠገብኩትም! ቦንሃም በ1980 እ.ኤ.አ. ገና በ32 ዓመቱ ሲሞት፣ ጓደኞቹ ያለ እሱ አንቀጥልም ብለው ባንዱን በተኑት።

«ጋሼ፣ ረበሽኩህ እንዴ?» አለኝ ልጁ።

«ኧረ ቀጥል! ብቻ አትቸኩል» አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።