ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ብዙ ሰው የሚከብደኝ የሕክምናው እንግሊዝኛ ይመስለዋል። እሱንስ በትምህርት ቤት ተወጥቼዋለሁ። የከበደኝ ሌሊት ሐኪም ጋ ደውዬ ትዕዛዝ ስቀበል «የሰማሁት ልክ ነው ወይስ ተሳስቻለሁ?» ብሎ መጠየቁ ነበር።

ያደግንበትን ክፍል አስታውሱ። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ያልገባውም አብሮ ይላል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ግን ትልቅ ሰው የተናገረውን መልሶ መጠየቅ ንቀት እንዳይመስልብን እንፈራለን። ሰውየው ዶክተር ሲሆን ይብሳል። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ይህን ከየት ያውቁታል? ዝም ካልሽ ገብቶሻል ብለው ስልኩን ይዘጋሉ።

ስለዚህ ጆሮዬን ከፈትኩ። አሜሪካውያኑ ነርሶች እንዴት እንደሚጠይቁ እያዳመጥኩ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አባባሎቹ ሁሉ አንድ ሥራ እንደማይሠሩ የገባኝ ያኔ ነው።

«ኢፍ አይም ኖት ሚስቴከን» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። የእኛው «ካልተሳሳትኩ» ነው። እርግጠኛ የሆነ ሰው ለትሕትና ጣል የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሰሚው «እህ» ብሎ ያልፈዋል። «ኮሬክት ሚ ኢፍ አይም ሮንግ» (ከተሳሳትኩ አርመኝ) ደግሞ እንደ አነጋገሩ ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ሊከራከር ከተዘጋጀ ሰው አፍ ነው። አንቺ ከቅን ልብ ብትዪው እንኳ ያኛው ለሙግት ሊነሳ ይችላል።

እኛ «ተሳሳትኩ?» ብለን መጨረሻው ላይ ድምፃችንን ከፍ ካደረግን በቃ፣ ጥያቄ ሆነ። በዚያው ልማድ «አይም ሮንግ?» ስንል ግን ለእነሱ ጆሮ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?» ብሎ የተቆጣ ሰው እንመስላለን። «አም» ከ«አይ» መቅደም አለበት። ይሄ ሰዋስው ነው፣ ቶሎ ይለመዳል። ዋናው ችግር ሌላ ነው። «አም አይ ሮንግ?» በትክክል ቢባልም የሚጠይቀው ስለ እኔ ነው እንጂ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። የደከመው ሐኪም ሊያጽናናኝ ብሎ «ኖ፣ ኖ፣ ዩር ፋይን» ይለኛል። እኔ ተጽናናሁ፤ መጠኑ ግን አልተጣራም።

እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሐበሻ ባልደረባ አለችኝ። አንድ ሌሊት ትዕዛዝ ስቀበል አጠገቤ ቆማ ሰማችኝ። ስልኩን ስዘጋ «የኔ እህት፣ ሶሪውን ቀንሺው» አለችኝ። «ዶክተሩ የሚሰማው ሶሪሽን ነው። ቁጥሩን አሰሚው።»

ቁጥሩን ማሰማት ማለት የጻፍሽውን መልሰሽ ማንበብ ነው። ሪድ ባክ ይባላል። የአሜሪካን የጤና ተቋማት እየመዘነ ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽንም በቃል የተሰጠ ትዕዛዝ ተጽፎ መልሶ እንዲነበብ ይፈልጋል። ለእኔ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። መጠየቄ ድፍረት መሆኑ ቀርቶ ሥራዬ ሆነ።

ኢንሱሊንን እንውሰድ። ሐኪሙ «ፊፍቲን» ይላል፣ ወይም «ፊፍቲ» ይላል። በስልክ፣ ኮሪደሩ ላይ የጥሪ ደወል እየጮኸ፣ መጨረሻዋ «ን» ትዋጣለች። 15 ዩኒት የታዘዘለት ሽማግሌ 50 ቢወጋ ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጽፌ አበቃና «አይ ሄቭ ዋን ፋይቭ፣ ፊፍቲን ዩኒትስ። ዲድ አይ ጌት ዛት ራይት?» እላለሁ፤ «አንድ አምስት፣ አሥራ አምስት ዩኒት ብያለሁ፤ ልክ ነኝ?» ማለቴ ነው። አሃዞቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሙሉውን ቁጥር። ከዚያ ዝም። ዝምታው ይከብዳል፣ የሆነ ነገር ለመጨመር ምላሴን ይበላኛል። ግን «ኮሬክት» እስኪለኝ አልናገርም። «አሃ» ብቻ ካለኝ ደግሜ አነብለታለሁ።

ሐበሻ ሁሉ ልብ እንዲለው የምፈልገው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአማርኛ «ዛሬ አልሰጠውም?» ስል «አዎ» ከተባልኩ፣ አልሰጥም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ሹድንት አይ ጊቭ ኢት ቱናይት?» ብዬ «የስ» ከተባልኩ፣ ስጪ ማለት ነው። ተቃራኒ! እኔ በአሉታ መጠየቅ ጨርሶ ትቻለሁ። «ሹድ አይ ጊቭ ኢት ቱናይት፣ ኦር ሆልድ ኢት?» (ዛሬ ማታ ልስጠው ወይስ ልተወው?) እላለሁ። ለዚህ ጥያቄ «የስ» ብቻ ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴኔሪፌ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። የሆላንዱ አውሮፕላን ለመነሳት መንደርደር ሲጀምር የበረራ መሐንዲሱ ጥርጣሬ ገብቶት ካፒቴኑን በደችኛ ጠየቀው። ጥያቄው «ያ የፓን አሜሪካኑ አልወጣም እንዴ?» እንደማለት ነው፤ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም ወይ ማለቱ ነው። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለ። መሐንዲሱም ዝም አለ። የመሐንዲሱ ጥርጣሬ ትክክል ነበር፤ ያኛው አውሮፕላን ገና መንደርደሪያው ላይ ነበር። ስለዚህ አደጋ ባነበብኩ ቁጥር ያንን መሐንዲስ አስባለሁ። አጠያየቁን አውቀዋለሁ። ታናሽ ለታላቅ የሚጠይቀው አጠያየቅ ነው።

አቪዬሽኑ ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ብዙ ተምሯል፣ ሕክምናውም ከአቪዬሽኑ ወስዷል። በ2006 የወጣው ቲምስቴፕስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ሥልጠና የመጀመሪያው ጥያቄ ችላ ሲባል ሁለተኛ ጊዜ እንድንጠይቅ ያስተምራል። ደረጃ በደረጃ የሚከርሩ ቃላትም ሰጥቶናል፦ «አይም ኮንሰርንድ» (አሳስቦኛል)፣ ቀጥሎ «አይም አንከምፈርተብል» (አልተመቸኝም)፣ ካልሆነ «ዚስ ኢዝ ኤ ሴፍቲ ኢሹ» (ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው)። የመጨረሻዋን መጠቀም ያለብኝ ጊዜ ብዙም አይመጣም። መኖሯን ማወቄ ብቻ ግን የመጀመሪያዋን በለሰለሰ ድምፅ እንድላት ያግዘኛል።

ሐኪሙ «ኖ» ሲል ምን ይደረጋል? «ታንክስ ፎር ካቺንግ ዛት» (ስህተቱን ስላገኘህልኝ አመሰግናለሁ) ብዬ የታረመውን ቁጥር እንደገና አነባለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሰማሁ ማብራሪያ አልጨምርም። እሱም አይፈልገውም። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ረጅም ይቅርታ ውስጥ እንገባና የታረመው ቁጥር ራሱ ሳይነበብ ስልኩ ይዘጋል።

አዲስ ሐበሻ ነርስ ስትመጣ በእረፍት ሰዓት አብረን እንለማመዳለን። እኔ ሐኪም እሆናለሁ። እቸኩላለሁ፣ የቃል መጨረሻ እውጣለሁ፣ መሃል ላይ ሌላ ሰው አናግራለሁ። እሷ ልታስቆመኝ ይገባል። ካላስቆመችኝ ስልኩን እዘጋና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። አብዛኛውን ጊዜ የምንፈጀው ከ13 እስከ 19 ባሉት ቁጥሮች ላይ ነው።