መቻል

ዛሬ ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ቦርከና ግን ደፍርሶ፣ እያጓራ መጣ። ደሴ ዘንቧል ማለት ነው። ድምፁን ስሰማ መቻል ትዝ አለኝ፤ የልጅነት ውሻችን።

ነሐሴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የጠፋች ፍየል ሊፈልግ ወንዙን ሲሻገር መሃል ላይ ደራሽ ውሃ ያዘው። እኔ ዳር ቆሜ ከመጮህ በቀር ምንም አላደረግኩም። መቻል እየጮኸ ሁለቴ ወደ ውሃው ሄዶ ተመለሰ። በሦስተኛው ዘሎ ገባ። ወንድሜ አንገቱን ሲያቅፈው አየሁ፤ ከዚያ ሁለቱንም ውሃው ወሰዳቸው። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ፣ ሾላው ስር፣ አሸዋ ላይ አገኘናቸው። ልጁ ያለቅሳል። መቻል ጭቃ ውሃ ያስመልሳል።

አባባ፣ አያታችን፣ ሰጋጅ ነበሩ። ውሻ ደጃፍ አያልፍም፤ ልብሳቸውን ከነካ ያጥቡታል። ያን ማታ ግን ወተቱን በገዛ እጃቸው ይዘው ወጡ። በሐዲስ ያለውን ነገሩን፦ ጉድጓድ ወርዶ፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው አላህ ወንጀሉን ማረለት። «ይሄ ደግሞ የኛን ልጅ ከውሃ ያወጣ ነው» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። አባባን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ሰሞኑን ስለ ጃክ አነበብኩ። ዌልስ ውስጥ፣ ስዋንሲ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ታዌ ወንዝ አጠገብ የኖረ ጥቁር ውሻ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. አንድ የ12 ዓመት ልጅ አወጣ። በ1937 የአይጥ መርዝ በልቶ እስኪሞት 27 ሰው አድኗል ይባላል። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሐውልት አቆመለት። ደስ አለኝ፤ አስለቀሰኝም።

ኒውፋውንድላንድ የሚባሉት ትልልቅ ውሾችም አሉ። ጣታቸው እንደ ዳክዬ እግር በቆዳ የተያያዘ ነው። ጸጉራቸው ቅባታም ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይዘልቀውም። ጣሊያን ውስጥ ሰው ከውሃ እንዲያወጡ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አላቸው። መቻል ይሄ ሁሉ የለውም። ጎድኑ የሚቆጠር፣ ቀይ የሰፈር ውሻ ነበር። ያን ቀን ሁለቴ የተመለሰው ፈርቶ ነው። ፈርቶም ገባ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

አርጅቶ የሞተ ጊዜ ወንድሜ ራሱ ቆፍሮ ሾላው ስር ቀበረው።

አሁን ወንድሜ ሩቅ አገር ነው። ማታ ደወልኩለትና «ወንዙ መጥቷል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«ሾላው አለ?» አለኝ።